በራስ ገንዘብ፣ በራስ ስም፦ የፓንክ ባንዶች፣ የጌታቸው መኩሪያ ሽለላና የቅጂ ባለቤትነት

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል። በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዚህ ገለጻ ርእስ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ «ፓንክንና ዲላን ምን አገናኛቸው?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፓንክ ሮክ ለብዙዎቻችን ከተቀደደ ሱሪ፣ ከቆመ ፀጉርና ከጩኸት ያለፈ ትርጉም የለውም። እኔም ዛሬ ጩኸቱን ላስወድዳችሁ አልተነሣሁም። የምመለከተው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ዜማ ከተቀዳ በኋላ የማን ይሆናል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ እንደ ፓንክ ባንዶች አጥብቀው የያዙት ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ከአገራችን ታላቅ የሳክስፎን ተጫዋች ጋር ዓመታት አሳልፏል።

ከፈረንሳይ ልጀምር። ፓንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን ብቅ ሲል፣ የሮክ ሙዚቃ በታላላቅ ኩባንያዎች እጅ ገብቶ፣ ስቱዲዮው ውድ፣ መድረኩም ከአድማጩ የራቀ ሆኖ ነበር። ፓንኮቹ ጥቂት የጊታር ኮርድ የያዘ ሁሉ መድረክ መውጣት ይችላል አሉ። ፈረንሳዮች ለዚህ ጥሪ ፈጥነው መልስ ሰጡ። ሜታል ኡርባን የተባለው ባንድ በ1976 ፓሪስ ላይ ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሞን ደ ማርሳን በምትባል የደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከተማ የፓንክ ፌስቲቫል ተካሄደ። ይሁን እንጂ ራስን ችሎ መሥራት የሚለው ሐሳብ ሙሉ መልኩን ያገኘው በ1980ዎቹ፣ በተለይም ቤሩሪየ ኑዋር በተባለው ባንድ ነው።

ቤሩሪየ ኑዋር በየካቲት 1983 ሲጀምር አንድ ድምፃዊና አንድ የጊታር ተጫዋች ብቻ ነበሩት። ከበሮ መቺ ስላልነበራቸው የከበሮ ማሽን አቆሙ። ሙዚቃቸውን ያሳተሙት ቦንዳዥ በተባለ አነስተኛ የነፃ አሳታሚዎች ስብስብ ነው። የመድረክ ጭንብሎቻቸው፣ በእጅ የተባዙ መጽሔቶቻቸው፣ ዝቅተኛ የመግቢያ ዋጋቸው፣ ሁሉም ከአንድ አቋም የመነጩ ነበሩ። በ1988 ዜኒት የተባለውን ታላቅ የፓሪስ አዳራሽ ሞሉ። በኅዳር 1989 ደግሞ፣ የዝናቸው ጫፍ ላይ ሳሉ፣ ኦሊምፒያ ውስጥ ተከታታይ የስንብት ዝግጅት አቅርበው ባንዱን በገዛ ፈቃዳቸው በተኑት። ያ ጊዜ ከዚያው ሰፈር የወጡ ሌሎች ባንዶች ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር ውል መፈረም የጀመሩበት ነበር፤ ማኖ ኔግራ ከቨርጂን ጋር የፈረመውን ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። መፈረም ኃጢአት ነው አልልም። በፈረመውና ባልፈረመው መካከል ያለው ልዩነት ግን በድምፃቸው ውስጥ አይሰማም። ያ ልዩነት ያለው በውል ወረቀቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። እንዲህ ያለውን ባንድ «ነፃ ባንድ» ብለን እንተረጉመዋለን። አማርኛችን ግን ነፃነትንና ያለ ክፍያ መስጠትን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ «ነፃ ሰው» እንላለን፣ «በነፃ ወሰደው» እንላለን። ለሙዚቃ ታሪካችን ይህ መደባለቅ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ «ራሱን የቻለ» የሚለውን እመርጣለሁ። ራሱን የቻለ ሰው ዕዳውንም ትርፉንም ያውቃል።

ራስን ችሎ ማሳተም ደግሞ ከፓሪሱ ቦንዳዥ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ተሞክሯል። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት፣ ይህን ብቸኛ መብት ችላ ብሎ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ሸክላው በህንድ ታተመ፣ በኋላም ኅትመቱ ወደ ሊባኖስ ተዛወረ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች ወጡ። ማሕሙድ አሕመድን፣ ሙላቱ አስታጥቄን፣ ሌሎችንም ዛሬ የምንሰማቸው በአመዛኙ ከዚያና በዚያው ዘመን ከነበሩ ጥቂት አሳታሚዎች በተረፈው ቅጂ ነው። አምሃ በ1975 አገር ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሸክላው በካሴት፣ ሌሊቱም በሰዓት እላፊ ተተካ።

አሁን ሁለቱ መስመሮች ወደሚገናኙበት ልምጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይዋ ፑዋቲዬ ከተማ ራሳቸውን የቻሉ የሙዚቃ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ኩባንያዎች የማይነኳቸውን ሙዚቀኞች መድረክ ላይ ያወጡ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነበር። በ1984 አንድ ጓደኛው ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ሰማ፤ በተከታዩ ዓመት በደርግ ዘመን ወደ ነበረችው አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ ራሱን የቻለ የቤልጂየም አሳታሚ ያንን ሥራ አውሮፓ ላይ አወጣው። በ1997 ፓሪስ ላይ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት ተጀመረ። አሳታሚው ቡዳ ሙዚክ ይባላል። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ሳቃችሁን ላቋርጥና ልቀጥል።

ኢትዮፒክስን ያለዚያ የፈረንሳይ ሰፈር መረዳት የሚቻል አይመስለኝም። ገበያ ያጠና ኩባንያ በ1985 የሰዓት እላፊ ወዳለባት ከተማ ሸክላ ፍለጋ ሰው አይልክም። የሚመጣው ያልተሰማውን መስማት ሥራው የሆነ ሰው ነው።

በኢትዮፒክስ 14ኛ ቅጽ፣ በ2003፣ የጌታቸው መኩሪያ ሥራ ታተመ። ጋሽ ጌታቸው በ1935 ይፋት ውስጥ ተወለዱ። ክራርና መሰንቆ ከነኩ በኋላ ወደ ክላሪኔትና ሳክስፎን ዘለቁ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ጀምረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠሩ። ታላቁ ሥራቸው ሽለላን በሳክስፎን መጫወታቸው ነው። ሽለላ የጦረኛ ዜማ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ፎካሪው ቃሉን ይወረውራል፣ ትንፋሹን ያስረዝማል፣ ድምፁን ያሻክራል፣ አድማጩን ይነካካል፣ ልኬት አይጠብቅም። ጋሽ ጌታቸው ይህን ሁሉ ወደ ናስ ቱቦ አስገቡት። ሽለላውን ሲያቀርቡ የጦረኛ ልብስና የአንበሳ ጎፈር ይለብሱ ነበር። በአሜሪካ ፍሪ ጃዝ የተባለው የሳክስፎን ጩኸት ከመታወቁ በፊት እሳቸው በ1950ዎቹ ወደዚያው ድምፅ ደርሰው ነበር፤ የመጡበት መንገድ ግን ከጃዝ ጋር አይገናኝም።

በዚህ ጊዜ ዘ ኤክስ ወደ ታሪኩ ይገባል። ዘ ኤክስ የፈረንሳይ ባንድ አይደለም፤ በ1979 በኔዘርላንድስ፣ ባዶ ቤቶችን ይዘው ከሚኖሩ ወጣቶች መካከል የተመሠረተ የፓንክ ባንድ ነው። አጭር ስሙን የመረጡት ግድግዳ ላይ ፈጥኖ ለመጻፍ እንዲመች ነው ይባላል። በ1986 ስለ 1936ቱ የስፔን አብዮት፣ ፎቶግራፎች የያዘ መጽሐፍ ያለው ሸክላ አወጡ። እኛ 1936ን የምናስታውሰው ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት ግንቦት ስለሆነ፣ ያ ዓመት ለአውሮፓ ግራ ዘመሞች ሌላ ትርጉም እንዳለው ማስታወስ አይከፋም። የባንዱ አባላት ለአርባ ዓመታት የገዛ ሥራቸውን ራሳቸው አሳተሙ፣ ጉዟቸውን ራሳቸው አዘጋጁ፣ ገንዘባቸውን ራሳቸው ቆጠሩ። የጊታር ተጫዋቹ ቴሪ ሄሰልስ ቴርፕ የሚባል የራሱን አሳታሚ አቋቋመ።

በ2002 ዘ ኤክስ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘዋውሮ ተጫወተ። በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዛቸው፤ በዚያ መድረክ ያጀባቸው አይሲፒ የተባለው የደች የጃዝ ኦርኬስትራ ነበር። ጋሽ ጌታቸው ዘ ኤክስን በዚያው አዳመጡ። ከዚያም ቀጣዩን ሥራቸውን ከእነርሱ ጋር መሥራት እንደሚፈልጉ ራሳቸው ጠየቁ። ይህን ነጥብ እንድትይዙልኝ እሻለሁ። በዓለም ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የተለመደው ተቃራኒው ነው፦ አውሮፓዊው አፍሪካዊውን «ያገኘዋል»፣ ይመርጠዋል፣ ያስቀዳዋል። እዚህ ግን ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰው ጮክ ብለው ከሚጫወቱ ጊታረኞች መካከል አጃቢ መረጡ።

ለምን መረጧቸው? የምሰጠው መልስ የእኔ ግምት ነው፤ ለሙዚቃ ተማሪዎች ግን የሚጠቅም ይመስለኛል። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺ ሆዬ፣ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። በምዕራባዊው ሀርሞኒ ስንከብባቸው፣ በተለይ አንቺ ሆዬ፣ ቀለማቸው ይደበዝዛል። ኮርዱ በተቀያየረ ቁጥር ዜማው ወደ ማያውቀው ቤት ይጎተታል። ፓንክ ግን ሀርሞኒው ድኻ ነው። ዘ ኤክስ ጊታርን እንደ ከበሮ ይመታሉ፤ አንድ ድምፅ ይይዙና ያንገላቱታል። ካተሪና ቦርነፌልድ ከበሮዋን ስትመታ ለጭክችካው ምት ብዙ ቦታ ትተዋለች። ስለዚህ ሽለላው በመካከል ሳይጎተት ይቆማል። በዚያ ላይ ሽለላ ለመለስለስ የተሠራ ዜማ አይደለም። አዳራሽ ውስጥ በወግ ለሚደንሱ ሰዎች ሲቀርብ የኖረው ዜማ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጥነውን ሻካራ አጃቢ አገኘ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ከዚህ የተወለደው «ሞአ አንበሳ» በ2006 በቴርፕ ታተመ። አንዳንዶቹ ዜማዎች ላይ የዘ ኤክስ ድምፃዊ የራሱን የእንግሊዝኛ ቃል ጨመረ፤ ፈረንሳዊው የክላሪኔት ተጫዋች ግዛቪየ ሻርልን ጨምሮ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች አብረው ቆሙ። በነሐሴ 2008 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር ከማሕሙድ አሕመድና ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር በአንድ ምሽት ተጫወቱ። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ። ጋሽ ጌታቸው በሚያዝያ 2016 ዐረፉ።

ይህን ከሌላ ዓይነት ግንኙነት ጋር አነጻጽሩት። የሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» በ2010 በናስና በዴሚያን ማርሊ ዘፈን ውስጥ ተቆርጦ ገብቷል። ዘፈኑ ጥሩ ነው፤ ሙላቱንም ለአዲስ ትውልድ አሰምቷል። ይሁን እንጂ ተቆርጦ የገባ ድምፅ መልስ አይሰጥም። «ይህ ምት አልተስማማኝም፣ እንደገና እንጀምር» አይልም። ጋሽ ጌታቸው ማለት ይችሉ ነበር፤ ዘ ኤክስም ለመስማት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ አልበሙ መቼ ይውጣ፣ ለገበያ እንዲመች ይለስልስ የሚላቸው አለቃ አልነበረምና። የባንዱ ራስን መቻል ለሽማግሌው የሰጣቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱን የተከተሉ አሉ። በፈረንሳይ ከተማ ሊዮን የተመሠረተው ኡካንዳንዝ የተሰኘው የሮክ ባንድ ከድምፃዊ አስናቀ ገብረየስ ጋር የኢትዮጵያን ዘፈኖች በከባድ ጊታር ይጫወታል። አልበሞቻቸው «ይቻላል»፣ «አዎ»፣ «ይቀጥላል» ይሰኛሉ። የፈረንሳይ ባንድ አልበሙን በአማርኛ ሲሰይም የምንኮራበትን ያህል ሌላም ነገር እንድናስብ ያስገድደናል፤ ወደዚያ ልሂድ።

ዛሬ የጋሽ ጌታቸውን ሽለላ በጥሩ ጥራት መስማት የሚሻ ተማሪ የሚያገኘው ፓሪስና ኔዘርላንድስ ውስጥ በታተሙ አልበሞች ነው። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ እነርሱ ባይሠሩት ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን እኩልነቱ መድረኩ ላይ የነበረውን ያህል በመዝገብ ቤቱ ውስጥ የለም። ጉዞው፣ ቪዛው፣ ስቱዲዮው፣ ሣጥኑ በአንድ ወገን ነበር። ዘ ኤክስ በጎ ሰዎች ስለሆኑ ነገሩ በጎ ሆነ። በሰዎች በጎነት ላይ ብቻ የቆመ ሥርዓት ግን አንድ መጥፎ ሰው ሲገጥመው የሚሆነውን ለሕግ ተማሪዎቻችን መንገር አያሻም።

ፈረንሳዮች በራሳቸው ጉዳይ ምን እንዳደረጉ እዩ። የቤሩሪየ ኑዋር ድምፃዊ ኋላ የታሪክ ምሁር ሆነ፤ የቬትናምን ታሪክ ያጠናል። የባንዱን መዛግብት፣ ፖስተሮቹን፣ የእጅ ጽሑፎቹንና ጭንብሎቹን ጭምር፣ ከጓዱ ጋር ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አስረከቡ። ቤተ መጻሕፍቱም በ2024 ዐውደ ርእይ አሳየበት። መንግሥትን ሲያወግዝ የኖረ ባንድ በመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጡ የሚያስቅ ጎን አለው። ቁም ነገሩ ግን መዝገቡ ለመሰጠት መቻሉ ነው። ሥራቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጃቸው ስለነበር የሚያስረክቡት አልጠፋም። የአንድ ኩባንያ ንብረት ቢሆን ኖሮ ውሳኔው የእነርሱ አይሆንም ነበር።

ወደ ዲላ እንመለስ። በእውነቱ የዚህ አካባቢ ሰው ስለ ባለቤትነት ከፓንክ መማር አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር በሰኔ 2007 በስምምነት የተቋጨው ለዚህ ነበር፦ ቡናው ከዚህ ይሄዳል፣ ዋጋው የሚያድገው ግን በስሙ ላይ ነው። በመስከረም 2023 ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ካሜራና መቅጃ የያዘ ሰው ወደ ተራሮቹ መውጣቱ አይቀርም፤ ከእነርሱም መካከል የእኛ ተማሪዎች ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ሕጉን እንይ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ እንደ እኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ለከዋኙም ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅም ለ50 ዓመት መብት ይሰጣል። ይህ ሁለት ውጤት አለው። አንደኛው፣ በቀመሩ ብንሄድ የአምሃ ዘመን ቅጂዎች 50 ዓመታቸውን ሞልተዋል፤ የዜማና የግጥም ደራሲዎች መብት ለብቻው ቢቀጥልም ቅጂውን በሚመለከት የነበረው ጊዜ አልቋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በደራሮ በዓል በኅብረት የሚዜም ዜማ የጋራ ነው፤ ደራሲው በስም አይታወቅም። በስልኩ የቀዳው ተማሪ ግን በዚያች ቅጽበት የቅጂው አዘጋጅ፣ ማለትም ባለመብት ይሆናል። ይህን ተማሪው አያውቅም፤ አዛውንቱም አያውቁም። ቅጂው ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ ሌላ ሰው ይቆርጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ስም የሌለው «የደቡብ ኢትዮጵያ ባህላዊ ድምፅ» ይሆናል።

በመስክ ሥራ ጊዜ የዘማሪውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን በቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ማስገባት አንድ ደቂቃ አይወስድም። ለምን እንደሚቀዳና ወዴት እንደሚሄድ ለሽማግሌዎቹ በጌዴኡፋ ማስረዳት፣ የተስማሙበትን በአንድ ገጽ ጽፎ ማስፈረም፣ አንድ ቅጂ እዚያው ማኅበረሰቡ ዘንድ፣ አንድ ቅጂ በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። ጌዴኦዎች ትልልቅ ጉዳዮችን በሶንጎ ተቀምጠው የመወሰን የቆየ ልማድ አላቸው፤ ለቅጂ ፈቃድ የሚሆን ሸንጎ መፍጠር አይጠበቅብንም፣ ያለውን መጠየቅ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1963 ጀምሮ ባካበተው ልምድም መጠቀም ይቻላል።

እዚህ ዲላ ውስጥ በትንሽ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ማይክሮፎን ዘፈን የሚሠሩ ወጣቶችንም አንርሳ። እነርሱ ቃሉን ባይጠሩትም ከቤሩሪየ ኑዋር የከበሮ ማሽን የራቁ አይደሉም። ብዙዎቹ ሙዚቃውን ካቀናበረላቸው ሰው ጋር ስለ ቅጂው የተጻፈ ስምምነት የላቸውም፤ ዘፈኑ ሳይታወቅ ሁሉም ወንድማማች ነው፣ ሲታወቅ ግን ጠብ ይነሣል። የሕግና የቋንቋ ትምህርት ክፍሎቻችን ተባብረው በአማርኛና በጌዴኡፋ የአንድ ገጽ የውል ናሙና ቢያዘጋጁላቸው፣ ከዚህ ገለጻ የተሻለ ጥቅም ይሰጣቸዋል። ረቂቁን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ፊት ለፊት ታገኙኛላችሁ። ቀሪው ጊዜ ለጥያቄ ነው።